ስድስተኛውን መምህር ብቻ የሚያስገባው ሰርቨር፦ በስልክ የተመራ የናኖ ጥገና

ሐይቅ ከተማ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሬከርድ ክፍል ውስጥ፣ መደርደሪያ ሥር አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። ሞኒተር የለውም፤ ከዩፒኤስ ጋር ታስሮ ቀንና ሌሊት ይሠራል። የተጫነበት በዊንዶውስ ፈንታ ዴቢያን ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ሲሆን ግራፊክስ የሚባል ነገር የለውም። ሥራው የማርክ ሊስትና የሮስተር ፎልደሩን በሳምባ አማካይነት ለመምህራን ክፍል ኮምፒውተሮች ማጋራት ነው። ሳምባ ማለት አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው፣ ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ዩኒክስ መሰል ሰርቨር ላይ ያለን ፋይል እንደራሱ ፎልደር እንዲከፍት የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። መምህሩ በመለያ ስሙ ይገባል፣ ውጤት ይሞላል፣ ይወጣል።

ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩት የሬከርድ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። የመዝገብ ሰው እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደሉም፤ አማርኛ ግን ኪቦርዱን ሳያዩ ይጽፋሉ። ከጠረጴዛቸው ላይ ካለው ዊንዶውስ ፑቲ የምትባለዋን ፕሮግራም ከፍተው፣ በጥቁሩ መስኮት በኩል ስም ይጨምራሉ፣ ፓስወርድ ይቀይራሉ። የእናቴ እኩያ ስለሆኑ «እታለም» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። እኔ ያለሁት ደሴ ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ካለ የጥገና ሱቅ። ከደሴ ሐይቅ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት በሚሰበሰብበት ጥር ላይ ደወሉ። «ልጄ፣ ሰርቨሩ አድሎ ጀምሯል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለስድስት መምህራን መለያ ስም ተሰጥቷል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ከቲ01 እስከ ቲ06። አምስቱ ፎልደሩን ሲከፍቱ ዊንዶውስ ፓስወርድ ደጋግሞ ይጠይቅና በመጨረሻ አልተፈቀደም ብሎ ይመልሳቸዋል። ቲ06 የደረሰው መምህር ግን ጠቅ ከማድረጉ ይገባል። ይባስ ብሎ ሰውዬው ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋር ይዛመዳል። መምህራን ክፍል ውስጥ የተወራውን መገመት አያቅትም፤ «ኮምፒውተሩም ዘመድ ያውቃል» ተብሏል። ኃላፊዋን ያሳዘናቸው ከብልሽቱ ይልቅ ይሄ ነበር፤ ስም የሚሞሉት እሳቸው ናቸውና ሐሜቱ ዞሮ የሚያርፈው እሳቸው ላይ ነው። የአምስቱንም ፓስወርድ ደግመው ቀይረዋል። ሰርቨሩን አጥፍተው አብርተዋል። ያው ነው።

ስድስቱም ተከልክለው ቢሆን ኔትወርክ፣ ፋየርዎል፣ ዲስክ እያልኩ ብዙ በር አንኳኳ ነበር። አንዱ መግባቱ ሥራዬን አቀለለው። ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፤ ሳምባም ይሠራል፤ ችግሩ ያለው ሰዎቹን በስም በሚለየው ቦታ ነው። በሳምባ ኮንፊግ ፋይል፣ ማለትም ሳምባ የሚመራባቸው ትእዛዞች በተጻፉበት ፋይል ውስጥ ደግሞ ያ ቦታ አንድ መስመር ነው፤ «ቫሊድ ዩዘርስ» የሚለው፣ ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም የሚደረደርበት። ቲ06 ከድርድሩ መጨረሻ ነው። ከዝርዝር ውስጥ የመጨረሻው ብቻ ሲሠራ እኔ ስሞቹን አልጠረጥርም፤ በስሞቹ መሃል የገባውን ነገር ነው። ከመጨረሻው ስም በኋላ ምንም አይገባማ።

ግምት ይዞ ፋይሉን ማየት ግን ሌላ ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሄዶ ለመመለስ እርግጠኛ አልነበረም። በርቀት ገብቶ መሥራት ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረዥም ጊዜ መቋረጡን ወሎ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም። ትምህርት ቤቱ ሌላ መስመር አልነበረውም። ስክሪኑን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ እንኳ አይባልም። የቀረን ድምፅ ነው።

ስለ ኤዲተር፣ እንዲህ ያለ ፋይል ከፍቶ ስለሚያርመው ፕሮግራም፣ ያለኝን አቋም የወሰነው ይህ ሁኔታ ነው። ሰርቨሩ ላይ ቪአይ እና ናኖ የሚባሉ ሁለት ኤዲተሮች አሉ። ቪአይን ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 የጻፈው ነው፤ ዩኒክስ በተባለ ሥርዓት ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል፤ እኔም ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምጠቀመው እሱን ነው። ግን ቪአይ ሁለት ጠባይ አለው። በአንዱ የተጫኑት ፊደል ይጻፋል፣ በሌላው ያው ፊደል ትእዛዝ ይሆናል። «ዲ»ን ሁለቴ ሲጫኑ ወይ ሁለት «ዲ» ይጻፋል ወይ መስመሩ ሙሉ ይጠፋል። የትኛው ላይ እንዳሉ ስክሪኑን የሚያይ፣ የለመደ ሰው ያውቃል። በስልክ የሚመራ ሰው ግን «አሁን የትኛው ላይ ነዎት?» ብሎ ጠይቆ የሚታመን መልስ አያገኝም።

ናኖ ጠባዩ አንድ ነው። ፊደል ሲጫኑ ይጻፋል፤ ትእዛዝ ከሆነ ከኮንትሮል ወይም ከአልት ጋር ነው። ከሥር ሁለት መስመር ላይ ዋና ዋና ቁልፎቹ ሁሌም ተዘርዝረዋል። ከእነሱ ከፍ ብላ ያለችው አንዲት መስመር ደግሞ የሆነውን ሁሉ ታወራለች፤ ስንት መስመር እንደተነበበ፣ እንደተቀመጠ፣ እንደተከለከለ፣ የተፈለገው እንዳልተገኘ። ይህ ጠባይ የመጣው ከፓይን ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፓይን የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ሲሠራ ለደብዳቤ መጻፊያ አብሮት ያወጣው ኤዲተር ፒኮ ይባል ነበር። የፒኮ ፈቃድ ለነፃ ሶፍትዌር ሥርጭቶች ስላልተመቸ ክሪስ አሌግሬታ እ.ኤ.አ. በ1999 አምሳያውን ጻፈ፤ በ2000 ናኖ የሚለውን ስም ያዘ፣ በ2001 ግኑ የሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት አካል ሆነ። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ተብሎ መታሰቡ እስከ ዛሬ ያስታውቃል። «የጀማሪ ነው» ብለው የሚንቁት ባልደረቦች አሉኝ። እነሱ በስልክ ሰው መርተው አያውቁም።

ወደ ሥራው ገባን። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ፋይሉን በናኖ እንዲከፍቱ ነገርኳቸውና «እታለም፣ ከታች፣ ከቁልፎቹ ዝርዝር ከፍ ብሎ፣ በቅንፍ ውስጥ ምን ይላል?» አልኳቸው። ፊደል በፊደል አነበቡልኝ፤ ፋይሉ አይጻፍበትም የሚል ነው። የተከፈተው ያለ ሱዶ፣ ማለትም የአስተዳዳሪ ሥልጣን ከሚሰጠው ትእዛዝ ውጭ ነበር። ይህን ማስነበብ ልማዴ ነው፤ ካልሆነ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ሴቭ ሲደረግ ነው ክልከላው የሚመጣው።

«በሉ እንውጣ፤ ኮንትሮል ኤክስ።»

«ኧረ ጽሑፉ ውስጥ ገባ!»

ምን እንደገባ ስጠይቅ፣ ያቺ የጎጆ ጣሪያ የመሰለች ምልክትና ኤክስ ናት። ናኖ ከሥር ሲዘረዝር ኮንትሮልን በ^ ነው የሚወክለው፤ እሳቸውም የኔን ቃል ትተው ስክሪኑን አምነው ሺፍትና 6ን ተጭነው ምልክቷን ጻፏት። ትምህርት ቤቶችና ቀበሌዎች ውስጥ ሰው ሳለማምድ ከሁሉ በፊት የማየው ስሕተት ይሄ ነው። በዚያው ዝርዝር ኤምና ሰረዝ ካለ ደግሞ አልት ማለት ነው፤ ይህንንም ቀድሞ ያልተነገረው ሰው በራሱ አይደርስበትም። ኮንትሮሏን ይዘው ኤክስ ሲጫኑ፣ የተቀየረውን ላስቀምጠው ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ አይሆንም አሉት፤ ወጡ።

በሱዶ ከመክፈታችን በፊት ፎልደሩ ውስጥ ያለውን እንዲዘረዝሩልኝ ጠየቅኩ። ከኮንፊግ ፋይሉ ጎን፣ በዚያው ስም፣ ጫፉ ላይ «ሴቭ» የሚል የተጨመረበት ፋይል ተገኘ። ናኖ እንዲህ ያለውን ፋይል በአብዛኛው የሚተወው ያልተቀመጠ ሥራ እያለው መስኮቱ በላዩ ላይ ሲዘጋበት ነው። ማለትም አንድ ሰው እዚህ ፋይል ላይ እየሠራ ሳለ ፑቲን በቀይዋ መዝጊያ ዘግቷል። ኃላፊዋ አልካዱም፤ ስሞቹን የጨመሩ ቀን መጀመሪያ እንደዚያ ዘግተው፣ ስሞቹ ሳይገቡ ሲቀሩ ደግመው አስገብተዋል። እንግዲህ መስመሩ የተነካው ያኔ ነው።

ከፈትን፤ አነበብን። ፋይሉ አጭር ነው፤ ዴቢያን ሲጭነው የሚመጣውን የማብራሪያ ጫካ መጀመሪያውኑ መንጥሬው ነበር። ኃላፊዋ መስመሩ ላይ ደርሰው እንዲህ አነበቡልኝ፦ «ቫሊድ ዩዘርስ፣ እኩል ይሆናል፣ ቲ ዜሮ አንድ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ቲ ዜሮ ሁለት፣ ነጠላ ሰረዝ…» እስከ መጨረሻው። በጆሮ ሲሰማ እንከን የለውም። ሳምባ ስሞችን በባዶ ቦታም በእንግሊዝኛው ሰረዝም ይለያል፤ እሳቸው ያነበቡት መስመር መሥራት ነበረበት።

እዚህ ላይ በድምፅ መቀጠል ፋይዳ የለውም። ዓይናቸው ያየውን አፋቸው በትክክል ነግሮኛል፤ ከዚህ በኋላ መመስከር ያለበት ኤዲተሩ ራሱ ነው።

«እታለም፣ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ መሆኑን ይዩልኝ።»

«ነው።»

«ኮንትሮል ደብሊው። ከታች ፈልግ የሚል ይመጣል። አሁን ከኤም ቀጥሎ ያለችውን ሰረዝ አንዴ ብቻ ይጫኑና ኢንተር።»

ትንሽ ዝም አሉ። «አልተገኘም ይላል፤ ኖት ፋውንድ። ምን ማለቱ ነው? ይኸው እኮ አምስት ቦታ አለ!»

አለቀ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ አምስት ሰረዝ እያዩ ናኖ በፋይሉ ውስጥ አንድም የለም ካለ፣ ያሉት አምስቱ የእኛው «፣» ናቸው። በአማርኛ ዓይን ሲታዩ በስም ዝርዝር መሃል ከዚያ የበለጠ ተገቢ ነገር የለም፤ ለዚህ ነው ማንም ያላያቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ዝምድና የላቸውም። የእንግሊዝኛው ሰረዝ ቁጥሩ 44 ነው፤ በ1 ባይት ይቀመጣል። የአማርኛው፣ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ የተሰጠው ቁጥር 4963 ሲሆን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፋይል አጻጻፍ ደግሞ 3 ባይት ይፈጃል። ሳምባ መለያ አድርጎ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን የስሙ አካል አድርጎ ወሰደው። ከእያንዳንዱ «፣» በኋላ ባዶ ቦታ ስለነበር መስመሩን በባዶ ቦታው ቆርጦ «ቲ01፣» የሚባል ሰው፣ «ቲ02፣» የሚባል ሰው እያለ አምስት የማይኖሩ ሰዎች ፈጠረ። ስድስተኛው ስም ምንም አልተለጠፈበትም። ባዶ ቦታዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ስድስቱም አንድ ረዥም ስም ሆነው ማንም አይገባም ነበር፤ ሐሜቱም አይነሳም።

ሳምባ የራሱ መፈተሻ አለው፤ ቴስትፓርም ይባላል። ኃላፊዋ ቀደም ብለው ሮጠውት ፋይሉ ደህና ነው ብሏቸዋል። አልዋሸም። የሚያየው የመስመሩን አቀማመጥ እንጂ ስሞቹ ሰርቨሩ ላይ መኖራቸውን አይደለም።

ጥገናው ራሱ አጭር ነው፤ አንድ ጥንቃቄ ብቻ ጨመርኩበት። የተበላሸው መስመር እንዲጠፋ አልፈለግኩም። ከርሰሩን መስመሩ ላይ አድርገው ኮንትሮል ኬ ሲጫኑ መስመሩ ተቆርጦ ጠፋ፤ «ወይኔ!» ሲሉ ሰማሁ። ኮንትሮል ዩን ሁለቴ አስጫንኳቸው፤ መስመሩ ሁለት ሆኖ ተመለሰ። ከላይኛው ፊት # አስገባን፤ ሳምባ ያን አያነበውም። ከታችኛው ላይ «፣»ን እየተከተልን አንድ በአንድ አጠፋን፤ ባዶ ቦታው ለብቻው ስለሚበቃ በምትኩ ምንም አልጻፍንም። ኮንትሮልና የኋላ ስላሽ ሁሉንም በአንዴ ይተካል፤ ግን መፈለጊያው ላይ «፣»ን ለመጻፍ ኪቦርድ መቀየር፣ ምትኩን ለመጻፍ መመለስ ይጠይቃል። ለአምስት ምልክት ይህን በስልክ መምራት ድካም ነው። መሃል ላይ ከቲ03 ላይ 3ን አብረው አጠፉት፤ አልት ዩ መለሰልን። ከዚያ ኮንትሮል ኦ፣ ኢንተር፣ «ከታች ያለውን ያንብቡልኝ»፤ የተጻፈውን የመስመር ብዛት ነገሩኝ፤ ካነበብነው በአንድ በልጧል፣ ልክ ነው። ኮንትሮል ኤክስ።

እዚህ ላይ ኪቦርዱ «ሞተ»። ምን ቢጫኑ ስክሪኑ አይንቀሳቀስም። ዎርድ የለመደ ሰው መውጣቱን ሳያምን አንዴ ለማረጋገጫ የሚጫነው ቁልፍ ስላለ፣ ኮንትሮል ኤስ ነክተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ነክተዋል። ናኖ ውስጥ ቢሆን አዲሶቹ ዕትሞች ሴቭ ነው የሚያደርጉት። እሳቸው ግን ወጥተዋል፤ ተርሚናሉ፣ ማለትም ጥቁሩ መስኮት ላይ ደግሞ ኮንትሮል ኤስ ከቴሌታይፕ ዘመን የቀረ «ቁም» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ጽሑፍ መላክ ይቁም ማለት። ፈቺው ኮንትሮል ኪው ነው። ሲጫኑት እስከዚያ በንዴት የደበደቡት ፊደል ሁሉ በአንድ ጊዜ ተዘረገፈ። ሳቃቸውን ሰማሁ። ይህን ቁልፍ የማያውቅ ሰው ሰርቨሩን ከሶኬት ይነቅላል፤ ለዚህ ሲባል ብቻ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሞኒተር ጎን ቢለጠፍ አይበዛበትም።

ሳምባን እንደገና አስነሱ። መምህራኑም ዊንዶውስ የድሮውን ግንኙነት ይዞ እንዳይቆይ ወጥተው እንዲገቡ ተነገራቸው። ቲ01 ገባ። ቲ02 ገባ። «አብሽር ልጄ፣ አሁን ማንም ዘመድ አይደለም» አሉኝ ኃላፊዋ።

ምልክቱ ከየት እንደመጣ መልሶ ማግኘት አላስቸገረም። ስሞቹ ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በዎርድ ተጽፈው የመጡ ናቸው፦ «ቲ01፣ ቲ02፣ ቲ03፣…» እያለ። በአማርኛ ደብዳቤ ውስጥ መጻፍ ያለበት እንደዚያው ነው፤ ጸሐፊዋ ሥራዋን በወጉ ነው የሠራችው። ኃላፊዋም በድጋሚ ከመጻፍ መገልበጥ ይሻላል ብለው ከደብዳቤው ቀድተው ፑቲ ላይ በቀኝ ጠቅታ ለጠፉት። በእጅ ቢጽፉት የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ «፣» ስለማይወጣ ችግሩ አይፈጠርም ነበር። መገልበጥ ስሕተት ይቀንሳል የሚለው ምክር የኮንፊግ ፋይል ላይ ሲደርስ ሁሌ አይሠራም፤ በተለይ ምንጩ ዎርድ ከሆነ።

መንገዱ ሲመች ሄጄ ናኖ ላይ ሁለት ነገር ጨመርኩ። አንደኛው ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ባክአፕን ማብራት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሴቭ በተደረገ ቁጥር የቀድሞው ፋይል ጫፉ ላይ ~ ተደርጎበት ይቀራል። ሁለተኛው ግን የበለጠ ያስደሰተኝ ነው። ናኖ ለፋይል ዓይነቶች የቀለም ሕግ ይቀበላል፤ የፋይሉ ስም በምን ሲያልቅ፣ የትኛው ምልክት በምን ቀለም ይታይ ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለሳምባ ፋይሉ «፡ ። ፣ ፤ ፥ ፦» የተባሉትን በቅንፍ ውስጥ ደርድሬ ጀርባቸው ቀይ እንዲሆን አደረግኩ። አሁን ከመካከላቸው አንዱ ሲገባ መስመሩ ላይ ቀይ ሳጥን ይወጣል። ኃላፊዋ ከ# በኋላ በአማርኛ የሚጽፏቸው ማስታወሻዎችም ቀይ እየነጠቡ ይታያሉ፤ «ኩፍኝ የያዘው ፋይል» ብለው ይቀልዱበታል፣ ግን አጥፋው አላሉኝም።

ፊደሉን ሳይሆን ጀርባውን ያቀለምኩት ዎርድን ስለማላምነው ነው። ዎርድ ቀጥ ያለውን ጥቅስ ወደ ጎበጠ ይለውጣል፣ አጭሩን ሰረዝ ያስረዝማል፤ ባዶ ቦታ የሚመስል ግን ባዶ ቦታ ያልሆነ ምልክትም አንዳንዴ ያስገባል። ያ የመጨረሻው ፊደሉ ቢቀለም አይታይም፤ ጀርባው ሲቀላ ግን ይጋለጣል። ሦስቱንም ዝርዝሩ ውስጥ ጨመርኳቸው።

ከቢሮው ጋርም ተነጋግረን የመለያ ስሞች በደብዳቤው ላይ አንድ በአንድ በየመስመሩ ቁልቁል እንዲጻፉ ተስማማን፤ ያለ ምንም ሥርዓተ ነጥብ።

ቀለሙ የማይደርስበት ቦታ አለ። ሌሊት የሚሠራውን የሮስተር ቅጂ የሚያዝዘው የክሮን (ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ሠንጠረዥ ሲከፈት ናኖ የሚያየው ጊዜያዊ ፋይል ነው፤ ስሙ ሌላ ስለሆነ የሳምባው ሕግ አይነካውም። እዚያ ኃላፊዋ አሁንም ኮንትሮል ደብሊውን ነው የሚጠቀሙት፤ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይረው «፣»ን ይፈልጋሉ፣ አልተገኘም ካለ ይወጣሉ።